ሚስተር ኩሪያንን ፍለጋ ቦምቤይ

ለንደን ስገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬ ደሴ፣ ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከደርግ ሸሽቶ የወጣ ሰው ደግሞ ደርግን ወረቀት ላክልኝ ብሎ አይጠይቅም። በ1976 ዓ.ም. አንድ ኮሌጅ ለመግባት ሳመለክት፣ ወይ ማስረጃውን ወይ ያስተማረህን ሰው ምስክርነት ካላመጣህ ለመስከረም አንቀበልህም አሉኝ።

ያስተማረኝ ሰው ሚስተር ኩሪያን ነው፤ የሒሳብ መምህራችን፣ ሕንዳዊ፣ ጆሮ ቆንጣጭ። በ1969 ወደ አገሩ ሲመለስ የቦምቤይ አድራሻውን ሰሌዳ ላይ ጻፈልን። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሰሌዳ በትክክል የገለበጥኩት ያንን አድራሻ ብቻ ነው። ሁለት ደብዳቤ ላኩበት፤ መልስ የለም። ስለዚህ ራሴ ልሄድ ቆረጥኩ።

ለንደን ውስጥ ኬንቲሽ ታውን በሚባለው ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ ኣብረኸት፣ የአሥመራ ሴት ናቸው፣ ከጎረቤት ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ተውሰው አመጡልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ኮሌጅ አፕላይ ያደርጋል እንጂ ሕንድ ድረስ ይሄዳል?»

«እትዬ፣ አፕላይ አድርጌማ ነው የምሄደው።»

«ባታገኘውስ?»

«ባላገኘው እንዳሁኑ ሆስፒታል ኪችን ዕድሜ ልኬን ድስት ስፈትግ እኖራለኋ።»

«በል ሂድ» አሉና ዳቦ ቆሎ በሻንጣው ኪስ ሁሉ ጠቀጠቁበት።

ቦምቤይ ከአውሮፕላን ስወርድ ሙቀቱ የፈላ ድስት ክዳን እንደከፈትኩ ያህል ፊቴ ላይ ወጣ። አውቶቡሱ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ አራገፈን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ደሴ ላደግነው ሕንድ ማለት መምህር ማለት ነው። ሌላ ሥራ የሚሠራ ሕንድ በዓይናችን አላየንም። እና እዚያ ደጃፍ ላይ ስቆም አንድ ሚሊዮን መምህር በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሳላስበው እጄን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ። አንዱ መምህር ሦስት ሻንጣ በራሱ ተሸክሞ ይሮጣል። አንዱ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ጢሙን ይላጫል። ሌላው ባቡር በር ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ደረጃ ላይ ስንሮጥ ጆሯችንን ሲቆነጥጠን የኖረው! ሻይ ሻጩን «ጉድ ሞርኒንግ ሰር» አልኩት። ሰውዬው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ።

ጡሩንባው፣ የሚጠበሰው ቃሪያ፣ የአበባው ሽታ፣ መንገድ መሐል ተኝታ የምታመሰኳ ላም። የሚገፋኝ ሁሉ ገፍቶኝ ያልፋል እንጂ ይቅርታ የሚለኝ የለም። ለንደን አራት ዓመት ሙሉ ሰዎች ሳይነኩኝ ሶሪ ሲሉኝ ኖሬ፣ ይሄ ግፊያ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አድራሻው ማቱንጋ የሚባል ሰፈር ነው። ባቡር ውስጥ ገብቼ «ማቱንጋ ይሄዳል?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ አንገቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘልኝ። እንደኔው የጀርባ ሻንጣ ያዘሉ ሁለት ፈረንጆች አይሄድም ያለ መስሏቸው ተንደርድረው ወረዱ። እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ሒሳቡን ባላጠና እንዲሁ የሚወዘወዘውን የሚስተር ኩሪያንን አንገት ሁለት ዓመት አጥንቼዋለሁ፤ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ነው።

በሩን የከፈተልኝ ሽማግሌ ቁርጥ ሚስተር ኩሪያንን ይመስላል፤ ታላቅ ወንድሙ ነው። ስሜን ስነግረው ገባ ብሎ ሁለቱን ደብዳቤዎቼን ይዞ መጣ። አልተከፈቱም።

«የሰው ደብዳቤ አልከፍትም» አለ። «ሲመጣ ልሰጠው ነው ያስቀመጥኩት።»

«ከየት ሲመጣ?»

«ከለንደን። ልጁ ዘንድ ከሄደ ሦስት ዓመቱ።» አድራሻውን ጻፈልኝ፤ ሰቨን ሲስተርስ ይላል። ከእኔ ቤት አንድ ባቡርና አንድ አውቶቡስ!

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ሳቅሁ። የሽማግሌው ሚስት ያበድኩ መሰላት መሰለኝ፣ ሩዝ በሙዝ ቅጠል አድርጋ አቀረበችልኝ። አንድም ፍሬ አላስተረፍኩም።

ለንደን በተመለስኩ ማግስት ሻንጣዬን እንዳዘልኩ ሰቨን ሲስተርስ ሄድኩ። ሚስተር ኩሪያን ሁለት ሹራብ ደራርቦ በሩን ከፈተ፤ ፀጉሩ ነጥቷል።

«ጉድ ሞርኒንግ ሰር።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጋሻው» አለ። «ጎንህ ከሚቀመጠው ከዓለምሰገድ የምትገለብጠው።»

የመጣሁበትን ነገርኩት። ፊቱ አልተፈታም።

«ምን ብዬ ልመስክርልህ? ሰሌዳ ጋ ውጣ ስልህ አንድ ቀን እንኳ ወጥተሃል?»

አልወጣሁም። የሆስፒታሉ ድስቶች ተደርድረው ታዩኝ። ሌላ ማድረግ ስላልቻልኩ ወንድሙ የመለሰልኝን ሁለት ደብዳቤዎች አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኩ። የለንደኑን ማኅተም አየ፤ የቦምቤዩን አየ፤ ከዚያ አቧራ የጠጣውን ሻንጣዬን ትኩር ብሎ አየ።

«ራስህ ሄድክ?»

«አዎ ሰር።»

ገባና ጥቂት ቆይቶ የታሸገ ፖስታ ይዞ ወጣ። «ለኮሌጁ ነው። አንተ አትከፍትም» አለኝ።

እትዬ ኣብረኸት በእንፋሎት እንክፈተው ብለው ቢያባብሉኝም እምቢ አልኩ። የኮሌጁ ጸሐፊ ፊቴ ከፍታ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሱን እመሰክራለሁ። ሰነፍ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እኔ ሰሌዳ ድረስ አልመጣም። አሁን ግን እኔን ፍለጋ ቦምቤይ ድረስ ሄዷል። ተቀበሉት፤ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት።»

ጸሐፊዋ በመነጽሯ ላይ አሻቅባ አየችኝ።

«ፊት ወንበር ትቀመጣለህ?»

አንገቴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። ግራ እንደገባት ሳይ «አዎ ማለት ነው» አልኳት።