ለአባ ቦናቬንቱራ የገባ ጃንጥላ

ቄስ ይግዛው ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ መቅደሱንና ሒሳቡን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደባርቅ ላይ ሒሳብ ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ይቀድሳል። ሪህ ደግሞ ሁለቱንም አይወድለትም ነበር። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሲነሳበት ጫማ ቀርቶ ነጠላ ሲነካው ያስጮኸዋል።

ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር የተወዳጀውም በዚሁ ሕመሙ የተነሳ ነው። ሰውየው ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህ ግን ለወዳጅነታቸው እክል አልሆነም። ቦናቬንቱራ ካቫሊየሪ ይባላል፤ መነኩሴም፣ ቄስም፣ የሒሳብ ሊቅም ነበር። ሪህ ሲያሰቃየው ሕመሙን ለመርሳት ሒሳብ ያሰላ ነበር ይባላል። ይግዛው ይህን ያነበበ ዕለት የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ያህል ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ መብራት ጠፍቶ የክፍሉ ፕላዝማ ድርግም ባለ ቁጥር ለተማሪዎቹ የሚያወራው ስለዚሁ ሰው ሆነ።

ተማሪ ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይረሳል። ሰንበቴ ግን አይረሳም። የቅበላ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው አንጋፋ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ፣

«ይህ ሪህ ሳይገድለኝ አይቀርም፣ አባ» አሉት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «አይዞዎት እማሆይ። እንደኛው እግራቸውን የሚያማቸው አንድ ትልቅ አባት ነበሩ፤ አባ ቦናቬንቱራ ይባላሉ። ሕመሙን በተመስጦ ድል ነሱት» አላቸው።

የየት አገር ሰው እንደሆነ አልተናገረም። እዚያ አገር ቄሶቹ የሱስንዮስን ዘመን የሚያወሩት ትናንት ያለፈ አስመስለው ነው፤ ሰንበቴ ላይ ካቶሊክ ያመሰገነ ሰው ጠላውን አይጨርስም።

እማሆይ እቤታቸው ገብተው፣ «አባ ቦናቬንቱራ፣ እግሬን ማሩልኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ሁዳዴ ገባ፤ ጠላውም ከአፋቸው ራቀ። እግራቸው ቀለላቸው። ሐኪም ቢጠየቅ ሌላ ምክንያት ይሰጥ ነበር፤ እማሆይ ግን ሐኪም አልጠየቁም።

ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ዘርፉ የሚያብለጨልጭ ቀይ ጃንጥላ ይዘው መጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ሰላም ኪዳነ ማርያም ቅዳሴው ሲያበቃ በደጀ ሰላሙ ቆመው እንደ ወጉ የስእለቱን ሁሉ ያውጁ ጀመር። ጃንጥላው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እማሆይ፣ ለማን ነበር ያሉኝ?»

«ለአባ ቦናቬንቱራ! እግሬን የማሩልኝ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታ ስም አይመረምርም።

መልአከ ሰላም ግን ይመረምራሉ። «የየት ገዳም አባት ናቸው?»

«አባ ይግዛው ያውቋቸዋል» አሉ እማሆይ በኩራት።

ይግዛው ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ላብ አጠመቀው። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ከመቅደስ እንደምታስወጣው አወቀ። ከመቅደስ መውጣት ደግሞ ለሱ ከቤት መባረር ነበር። ስለዚህ «ሩቅ ናቸው» አለ።

«ዋልድባ?»

«ከዚያም ይርቃል።»

«እንዲህ ያለውን አባት ደብቀውን ኖረዋል! በሉ፣ ገድላቸውን ለሰንበቴው ይንገሩን።»

ምን ያድርግ? ሰንበቴው ከተቀመጠ በኋላ ነገራቸው። የሚገርመው፣ አንድም አልዋሸም። በልጅነታቸው ገዳም ገቡ አለ፤ እውነት ነው። በኋላም ገዳም መሩ፤ እውነት ነው። እንደ አባት የሚያዩዋቸው ታላቁ መምህራቸው በእውቀታቸው ምክንያት ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ይህም እውነት ነው። እዚህ ላይ አዛውንቱ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የፈረዱት የካቶሊክ ጳጳሳት መሆናቸውን የጠየቀ የለም።

«ትምህርታቸውስ?» አለ አንድ ደብተራ።

«ጋቢ ከክር እንደተሠራ፣ የቦታም ስፋት እንደ ክር ከተደረደሩ መስመሮች እንደተሠራ አድርጋችሁ አስቡት ይሉ ነበር። ክሩ ግን ውፍረት የለውም።»

«ውፍረት የሌለው ክር!» ደብተራው አማተበ። «ይህስ ምሥጢር ነው!»

ይግዛው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ክፍል አስተምሮ አያውቅም። ሞቅ አለው። ይልቁንም ደስ አለው፤ ወዳጁ በሰሜን ምድር ዘመድ ሲያገኝ አየ። በመሐል መልአከ ሰላም መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ሁሉም መልካም ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ሃይማኖታቸውስ?»

መስቀል ፊት ዙሪያ ጥምጥም አይኬድም። ይግዛው መስቀሉን አየ፤ እማሆይንም አየ።

«ካቶሊክ ነው» አለ። «ጣሊያን ነው።»

የጎረሰም ማኘኩን ተወ። ደብተራው ያማተበበትን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እማሆይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ቄስ ይግዛው» አሉ መልአከ ሰላም፤ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለው ነበር። «ሰውየው ካቶሊክ ስለሆነ አይደለም የምቀጣዎት። እሱ በሃይማኖቱ አላፈረም። እርስዎ ግን በወዳጅዎ አፈሩበት፤ በእማሆይም ስእለት ቀለዱ። ጃንጥላው ለእመቤታችን ይግባ። እርስዎ እስከ ጰራቅሊጦስ መቅደስ አይገቡም፤ ከሕዝቡ ጋር ያስቀድሳሉ።»

ይግዛው ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። ቅጣቱ አሳዘነው፤ ከቅጣቱ ይልቅ ግን «አፈሩበት» የሚለው ቃል አቃጠለው፤ እውነት ነበርና።

በሚቀጥለው እሑድ ጉም በወረደበት ግቢ ከዛፍ ሥር ቆሞ አስቀደሰ። ሕዝቡ ሲበተን እማሆይ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ሊረግሙት መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ተቀይሜዎታለሁ፣ አባ።»

«ይገባዎታል።»

«እኔኮ የሚለምንልኝ አገኘሁ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው ግን ያ ሰው ራሱ አሳዘነኝ። እግሩ እንዲያ ሲጠዘጥዘው የኖረ ሰው! ዛሬ ማን ይጸልይለታል?»

ይግዛው ይህን ሁሉ ዓመት ሲያወራለት፣ ሲያደንቀው፣ በስሙ ሲመካ ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ ጸልዮለት አያውቅም።

«ማንም» አለ።

«እንግዲያው የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ።»

«ከመመንኮሱ በፊት ፍራንቼስኮ ይባል ነበር አሉ።»

«ፍራ... ፍራን...» ከንፈራቸው ታገለና ተወው። «አይ፣ ይህ ጥርስ ላለው ነው። ኃይለ ሚካኤል ብዬዋለሁ። እግዜር ማንን ማለቴ እንደሆነ አያጣውም።»

ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎት ጀመሩ። ይግዛውም አጠገባቸው ቆሞ፣ ሰው ይስማ አይስማ ሳይል፣ «የኃይለ ሚካኤልን ነፍስ ይማር» አለ።