መዝገብ ላይ የሌለው ካፖርት

ልብስ ሰፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል መስኮት ፊት ስትቆም፣ ሽማግሌው ሃምሳ አለቃ መዝገቡን እንኳ ሳይከፍቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ባለፈው ነግሬሻለሁ። መኪናው አለ፣ ስልኩ አለ፣ መነጽሩ አለ፣ ቀበቶው አለ። ካፖርት የሚባል ነገር መዝገብ ላይ የለም።»

«ባሌ ለብሶት ነው የወጣው፣ ሃምሳ አለቃ። ቁልፉን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ።»

«መንገድ ላይ ጥሎት ይሆናላ።»

«እኔን ይጥላል እንጂ እሱን አይጥልም።»

ሃምሳ አለቃው ሳቃቸው መጣና በእጃቸው አፋቸውን አበሱ።

«እስር ቤቱ ይበርዳል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እውነቷን ነው፣ ይበርዳል። የመጣችው ግን ለዚያ አልነበረም። የመጣችበትን ነገር ደግሞ ለፖሊስ በመስኮት መንገር ያሳፍራል።

ባሏ የትንሽ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ በዋለበት ዕለት፣ ኬላ ላይ ከመቀመጫው ጀርባ አንድ እስር ቅጠል ተገኝቶበት ተያዘ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትጠይቀዋለች። በመካከላቸው ወፍራም መስታወት አለ፤ እሱ በወዲያ በኩል፣ እሷ በወዲህ በኩል የስልክ እጀታ ይይዛሉ። ፊቱን ታየዋለች፣ ድምፁን ትሰማዋለች። ሌላው ነገሩ ሁሉ ግን ማዶ ይቀራል። ጎኗ ሲተኛ የሚሰማት ሙቀት፣ የአንገቱ ጠረን፣ ከሥራ ሲገባ ከትከሻው የሚነሣው የናፍጣና የሳሙና ሽታ። የትራሱን ልብስ ሳታጥበው አርባ ቀን አቆየችው። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ብትቀብርበት የገዛ ጠጉሯ ቅባት ብቻ ሸተታት። ካፖርቱ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

ካፖርቱን የሰፋችው ከስድስት ዓመት በፊት ነበር፣ አንድ ደንበኛ አዞ ጥሎት ከሄደ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ። ባሏ ግራኝ ስለሆነ የውስጥ ኪሱን በቀኝ በኩል አደረገችለት፤ መነጽሩ እንዳይወድቅበት ክዳን አበጀችለት። ስድስት ክረምት ከላዩ አልወረደም።

ወደ ሱቋ ስትመለስ የባሏ እህት ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋ ነበር። ሱቁን የያዙት አብረው ነው።

«ሚሊየነሯ፣ ዛሬስ ሰጡሽ?»

«የለም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለፋሻል? ከሚሊዮኑ ላይ ቆንጥረሽ አዲስ ግዢለታ።»

ይህ ቀልድ ሦስት ወር ሞልቶታል። በተያዘ በማግስቱ የፖሊስ ቃል አቀባይ በራዲዮ ወጥቶ «ግምቱ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ የሚያወጣ አደንዛዥ ዕፅ» ሲል ሰፈሩ በሙሉ ዞሮ ያየው የእነሱን ቤት ነበር፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሁለት ሳፋ የሚደቀንበትን ቤት። ሹፌሩ ለመንገዱ የተቀበለው የሁለት ጎማ ዋጋ ነው፤ ጎማዎቹ አልቀው ስለነበር። ያን ቀን የባሏ እህት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ወንድሜ ሚሊዮን ከመቀመጫው ጀርባ ይዞ እኔን የአውቶቡስ መሳፈሪያ ይለምነኛል» አለች። ቀጥላ አለቀሰች። አሁን መሳቁ ብቻ ቀርቶላታል።

የሚያስቀው ቁጥር ግን የእስር ዓመት ያስቆጥራል። ነገሩን ያስረዳቸው መንግሥት ያቆመላቸው ወጣት ጠበቃ ነው። ግምቱ ከአንድ ሚሊዮን ካለፈ ቅጣቱ ከአሥር ዓመት ይጀምራል፤ ከሚሊዮን በታች ከሆነ ከአምስት አይበልጥም። «አንድ ኪሎ መቶ ሺህ ነው ብለው ያሰሉታል» አላቸው። «የጭፈራ ቤት በር ላይ በትንሽ በትንሹ ተጠቅልሎ የሚሸጥበትን ዋጋ ወስደው ነው የሚያባዙት። በዚያ ዋጋ ኪሎ የገዛ ሰው በምድር ላይ የለም። ግን ዳኞቹ የፖሊስን ዋጋ ይቀበላሉ፤ ስንቴ ተከራክሬ አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ነው የተጻፈው። ምን ላድርግላችሁ?»

አሥር ዓመት። ልብስ ሰፊዋ ይህን በመስታወት ነው የምታስበው። በየሳምንቱ አንድ መስታወት፣ አሥር ዓመት ሙሉ።

ከሰዓት በኋላ ለአንዲት ደንበኛ የእጅጌ ሞዴል ልትቆርጥ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፈች። ጋዜጣ የሚያመጣው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኞቹ አንብበው ሲሰለቻቸው በእስር በእስር ይሰጣቸዋል። በኖራ አሰመረችና መቀሱን አስገባች። ግማሽ ድረስ ቆርጣ እጇ ቀጥ አለ።

«ምን ሆንሽ?» አለች የባሏ እህት።

«ነይ እይ።»

በጋዜጣው ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የቆሙ ሦስት መኮንኖች፣ ከፊታቸው የተዘረገፈ ቅጠል አለ። ቅጠሉ የፈሰሰው ከአንድ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነው። የጨርቁ አንድ ጠርዝ ተገልብጦ ገበሩ ይታያል፤ ገበሩ ላይ ኪስ፣ ኪሱ ላይ ክዳን።

«በቀኝ በኩል ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አልጣለውም። ዝናቡ ውስጥ ሲጭነው እንዳይረጥብ ብሎ ጠቅልሎበት ነው።»

«ቅጠሉ እንዳይረጥብ?» የባሏ እህት ጋዜጣውን አፍጥጣ አየችው። «አይ ወንድሜ። እኔን በዝናብ አቁሞ ለቅጠል ካፖርት ያለብሳል።»

በማግስቱ ጠዋት እስከ ግማሽ በእጅጌ ቅርጽ የተቆረጠውን ጋዜጣ በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠች። ሃምሳ አለቃው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ጋዜጣውን እንደያዙ ወደ ውስጥ ገቡና ቆዩ። የብረት በር ሲከፈት፣ ካርቶን ሲጎተት ተሰማት። ሲመለሱ ክንዳቸው ላይ ካፖርቱ ነበረ።

«ሣጥኑ ሥር፣ ከቅጠሉ በታች ነው ያገኘሁት» አሉ። ግራና ቀኝ አዩና በመስኮቱ አሳለፉላት። «መዝገብ ላይ የሌለ ነገር ከዚህ ቢወጣ ማንም አይጠይቀኝም። ይዘሽ ሂጂ። አንጀቴን በልተሽዋል።»

ደረቱ ላይ የደረቀ ቅጠል ተለጥፎበታል። ኮሌታውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መጀመሪያ የሻጋታ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ የቅጠሉ የሚከረፋ ሽታ። ከዚያ ከሁለቱም ሥር፣ አንገቱ ሲያሸው በኖረው ቦታ፣ እሱ። ዓይኗን ጨፈነች። ሃምሳ አለቃው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩላት።

አጣጥፋ ክንዷ ላይ ስትጥለው ነው ክንዷ የነገራት። ሃያ ዓመት ጨርቅ ያነሣ ክንድ ክብደት ያውቃል። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ፣ እሱም ደርቆ። ያን ቀን ደግሞ ዝናብ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ስትመዝኑት በዚህ እንደተጠቀለለ ነው?»

ሃምሳ አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ንገሩኝ እንጂ።»

«ልፈታው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ቃል አቀባዩ ጋዜጠኞቹ ቆመዋል፣ ቶሎ ቁጥር ስጠኝ አለኝ። ውኃው ሚዛኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ በገዛ መሐረቤ ነው የጠረግሁት። ቁጥሩን ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ በራዲዮ የተነገረን ቁጥር ማን ያርማል?» ትንሽ አሰቡና «ቅጠሉን እንደገና ብንመዝን ከንቱ ነው፤ ደርቆ ሩቡ ቀርቷል። ሕጉ የሚለው በገባበት ቀን የመዘነውን ነው» አሉ።

«ካፖርቱ ግን ቅጠል አይደለም።»

«አይደለም። ግን እንዲህ እንዳለ ብትቀንሺው አሥር ኪሎ ከሦስት መቶ ይቀራል። አሁንም ከሚሊዮን በላይ ነው።»

«እንዲህ እንዳለ አይደለማ የተመዘነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሱፍ ውኃ ይጠጣል። ያን ቀን እንደነበረው ረጥቦ ይመዘን።»

ይህን ስትል የተናገረችው ነገር ለራሷም ገባት። ውኃ ውስጥ የሚገባው ካፖርቱ ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የለመነችው ነገር በእጇ ገብቶ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ጎዳናው ከኋላዋ ነው፤ ዞራ ብትሄድ የሚይዛት የለም። ዛሬ ማታ ትራሱ ላይ ታነጥፈዋለች። ለስንት ቀን? የትራሱን ልብስ አስታወሰች። አርባ ቀን፣ ቢበዛ ክረምቱን። ከዚያ በኋላ ካፖርቱም የእሷን ቅባት ይሸታል፤ መስታወቱ ግን አሥር ዓመት ይቆማል።

ካፖርቱን በመስኮቱ መለሰችው። ጣቶቿ ኮሌታው ላይ ቆዩ።

«መዝግቡት» አለች።

«ከመዘገብሁት አይወጣም፣ ልጄ። እኔም ዳኛ ፊት ቀርቤ ለምን እንዳልፈታሁት እጠየቃለሁ። ጡረታ ልወጣ አምስት ወር ነው የቀረኝ።»

እጇን ከኮሌታው ላይ አነሣች። እሳቸውም መዝገቡን ከፈቱ። እስክሪብቶአቸውን አነሡ፤ ቀለሙ ደርቆ ነበርና ሁለት ጊዜ እትፍ አሉበት። ጻፉ፦ ካፖርት፣ የወንድ፣ ሱፍ፣ አንድ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጠበቃው አመልክቶ፣ ዳኛዋ ካፖርቱ በዕለቱ እንደነበረው ረጥቦ በዚያው ሚዛን እንዲመዘን አዘዙ። ሃምሳ አለቃው ችሎት ቀርበው «የመዘንሁት እኔ ነኝ፤ አልፈታሁትም» ብለው ነበር።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ በጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። ሚዛኑ ወጥቶ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ውኃ የተሞላ ትልቅ ሳፋ። ዐቃቤ ሕጉ ጫማው እንዳይረጭበት ራቅ ብሎ ቆሟል። ጠበቃው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፏል። ቃል አቀባዩ ሳፋውን አይቶ «ዛሬ ደግሞ ልብስ አጣቢ ሆንን» አለ።

«ውኃ የጠጣ ቁጥር በራዲዮ ከመናገር ይሻላል» አሉ ሃምሳ አለቃው ዞር ሳይሉ።

«በሳፋ ውኃና በዝናብ መካከል ልዩነት አለ» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ሳፋ ውስጥ የተነከረ አብዝቶ ይይዛል።»

«እውነት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሁሉም ዞረው አዩአት። «ነክረን ወዲያው አንመዝንም። ገመድ ላይ ይዋል፤ ፍሰቱ ቆሞ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ይመዘን። ያን ቀንም ሚዛኑ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር ብለዋል።»

ዐቃቤ ሕጉ አሰበበትና ተስማማ።

«እኔ ልንከረው?» አለች። የሚከለክላት አልነበረም።

ኪሱን ፈተሸች፤ ባዶ ነው። ሰው እያያት ኮሌታውን አላሸተተችም። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጣጥፋ እንደ ሕፃን ልጅ በቀስታ አስገባችው። ሱፉ መጀመሪያ ተንሳፈፈ፤ በመዳፏ ስትጫነው አረፋ እያወጣ ሰጠመ። ያን ጊዜ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ውኃው ሲነካው የካፖርቱ ሽታ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ናፍጣው፣ ሳሙናው፣ የስድስት ክረምት ላቡ፣ የአንገቱ ጠረን። በሩን ከፍቶ የገባ ያህል ፊቷ ላይ መጣ። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ሰዎቹ ጨርቅ የምትጫን መሰላቸው። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተነፈሰች። በአምስተኛው የእርጥብ ሱፍ ሽታ ብቻ ቀረ።

ሃምሳ አለቃው ገመድ ላይ እንድትሰቅለው አገዙአት። ፍሰቱ ቆመ፤ ጠብታ ብቻ ሲሆን ዐቃቤ ሕጉ ራሱ «ይበቃል» አለ። ሚዛኑ ላይ አኖሩት። አራት ኪሎ ከሦስት መቶ።

ጠበቃው ወረቀቱ ላይ ቀነሰና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደግሞ ቀነሰ። «ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለ። «ስምንት መቶ ሠላሳ ሺህ። በራሳቸው ዋጋ።» ቃል አቀባዩ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ።

ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ልብስ ሰፊዋ ደስ ሊላት እንደሚገባ አውቃለች፤ ደስታው ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። እጇ ላይ ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው። መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ መለሰችው።

ሃምሳ አለቃው ካፖርቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር አሰሩ።

«ሲፈታ ፈርሞ ይወስደዋል» አሉ። «እኔ አልኖርም፤ ግን መዝገብ ላይ አለ። ከእንግዲህ የለም የሚልሽ የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። ወደ በሩ ጥቂት ሄደችና ተመለሰች።

«ሃምሳ አለቃ፣ በሽቦ ማንጠልጠያ እንዳትሰቅሉት። እርጥብ ሱፍ ነው፤ ትከሻው ይበላሽበታል። ጥላ ሥር አንጥፉትና እጅጌዎቹን ዘርጉለት።»

«እንዘረጋለታለን» አሉ።

«ቀኝ እጅጌው ትንሽ ያጥራል፤ እንዳትስቡት። እጁ እንደዚያ ነው።»