ግራዋና መርፌው

ኢስሀቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉበታቸው ላይ ካንሰር ሲገኝ ዕጢው በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አልነበረም። ሐኪማቸው ዶክተር ፀሐይወርቅ የሰውነት መከላከያ ነቅቶ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት በመርፌ ጀመረችላቸው። ሕክምና የምታመላልሳቸው ሹም አቦ ሰፈር የምትኖረው አስተማሪ ልጃቸው ሐፍሳ ነበረች።

ሐፍሳ አንድ ቀን ስልኳ ላይ ዜና አየች። ከዕፅዋት የተገኙ ንጥረ ነገሮች ከእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት ጋር ሲሰጡ የጉበት ዕጢን ይበልጥ አሳንሰዋል ይላል። ደስ አላትና ለአባቷና ለአክስቷ ለሸሪፋ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ከዚያ ረሳችው።

ከወር በኋላ የኢስሀቅ ዐይን ቢጫ ሆነ።

ዶክተር ፀሐይወርቅ የደም ውጤቱን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጉበትዎ ክፉኛ ተቆጥቷል። ጋሽ ኢስሀቅ፣ ከእኔ መድኃኒት ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም አልወሰድሁም። እህቴ የምትሰጠኝን ግራዋ ጠጣሁ እንጂ።»

ሐፍሳ አብረዋቸው ወደመጡት አክስቷ ዞረች። «ግራዋ? ማን አዘዘው?»

«አንቺ ነሻ!» አሉ ሸሪፋ በድንጋጤ። «ቅጠል ከመርፌው ጋር ይረዳል ብለሽ አላነበብሽልንም? ጠዋት ጠዋት እየጨመቅሁ ሰጠሁት።»

ሐፍሳ ስልኳን አውጥታ ዜናውን ለዶክተሯ አሳየች።

«ይኼ እኮ አይጥ ላይ የተሞከረ ነው» አለች ዶክተሯ። «አንዱን ንጥረ ነገር አጣርተው፣ መጠኑን ለክተው ነው የሰጡት። ተክሉም ግራዋ አይደለም።»

«ታዲያ ጉበቱን ያስቆጣው ግራዋው ነው?» አለች ሐፍሳ።

«ሊሆን ይችላል። የእኔ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፤ የነቃው መከላከያ አንዳንዴ ደኅናውንም ጉበት ያጠቃል። በዚህ የደም ምርመራ መለየት አልችልም።» የጉበታቸውን ምስል አነሣች። «ደግሞ በምስሉ እንዳየሁት ዕጢው ቀንሷል።»

«አልሐምዱሊላህ! ግራዋው ነው!» አሉ ሸሪፋ።

«መድኃኒቱ ይመስለኛል።»

«ይመስልሻል?» አሉ ኢስሀቅ። «ልጄ፣ የሚያድነኝና የሚጎዳኝ አንድ ነገር ነው ወይስ ሁለት?»

ዶክተሯ ሁለቱንም አቋርጣ የጉበቱን ቁጣ የሚያበርድ ኪኒን አዘዘችላቸው።

ሸሪፋ አኩርፈው ሰነበቱ። ሐፍሳ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ትቆምና ልትጽፈው የነበረው ይጠፋባታል። ባታነብላቸው ኖሮ የአባቷ ጉበት አይቆጣም ነበር? ወይስ ዕጢውም አይቀንስም ነበር? አንዱን ሐሳብ ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል።

ቢጫው እየለቀቀ ሄደ። ዶክተር ፀሐይወርቅ ደማቸውን ቶሎ ቶሎ እያየች መርፌውን ብቻ መልሳ ጀመረች።

«ግራዋውስ?» አሉ ኢስሀቅ።

«እባክዎ አይንኩት። ጥቅሙን አላውቅም፤ ጉዳቱን ግን እፈራለሁ።»

ኢስሀቅ እሺ አሉ። ጉበታቸው ዳግም አልተቆጣም፤ ዕጢውም ባለበት ቆመ። እሳቸውም ወደ ታንኳ ሥራቸው ተመልሰው ደንገል ማሰር ጀመሩ። «ግራዋውን ስላቆምን ነው ጉበቱ የበረደው ማለት ነው?» ብላ ሐፍሳ ስትጠይቅ ዶክተሯ «ወይ ኪኒኑ አብርዶት ይሆናል» አለቻት። ሸሪፋ በበኩላቸው ዕጢውን የያዘው ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ግራዋ ነው ባይ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ሐፍሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትገዛ አንዲት የማታውቃት ሴት ክንዷን ያዘቻት።

«የኢስሀቅ ልጅ ነሽ አይደል? ባሌም ጉበቱን ታሟል። ለአባትሽ የሰጣችሁትን ንገሪኝ፤ ስለ አላህ ብለሽ።»

ሐፍሳ አፏን ከፈተች። «መርፌ» ልትል ነበር፤ ቢጫው ዐይን ትዝ አላት። «ግራዋ እንዳትሰጪው» ልትልም አሰበች፤ ለዚህም እርግጠኛ አልነበረችም። ሴትዮዋ ክንዷን አልለቀቀችም።

«ሐኪም ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት በመጨረሻ። «እኔ ራሴ ገና አልገባኝም።»