የዕለት ውሃ

ሴትዮዋ ገና ከበሩ ሳታልፍ ማልቀስ ጀመረች።

ለቅሶ ቤት ማልቀስ ብርቅ አይደለም። ግን ለሁሉም ወግ አለው፤ ሰው መጀመሪያ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ መቀመጫ ይፈልጋል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያ ያለቅሳል። ይቺ ግን አረንጓዴ የዝናብ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ዘፍ ብላ፣ ማንንም ሳታይ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ተንሰቀሰቀች። ሟች ወንድሟ ይመስል።

ሟች እህት አልነበረውም።

ሚስቱ ከሶፋው ላይ ሆና አየቻት። ሚስቲቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስንትና ስንት ርዕሰ መምህር የጻፈውን ደብዳቤ ስታርም የኖረች፣ ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ፈቀቅ ብትል ምግብ የማይዋጥላት ሴት። ሰፈሩም «ጸሐፊዋ» ነው የሚላት። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሰው ቤት ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ ልቡ ቀጥ አለች። ረቡዕ ተቀበረ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እሷ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰው «ድንጋጤ ነው» እያለ አዘነላት። ድንጋጤ አልነበረም። ጥርጣሬ ነበር።

ነገሩ የረቡዕ ነው። ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት በእሷ ቤት ስለሚደረግ፣ ባልየው «ታዲያ እኔም ጸሎት ቤት የወንዶቹ ጋ ልሂድ» ብሎ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሴቶቹ ሄደው፣ ወንበሩ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ተጠርጎ እንኳ እሱ አይመጣም።

«የት ቆየህ?»

«ጸሎት።»

«የምን ጸሎት ነው እንዲህ የሚረዝም?»

«ጸሎት ነዋ።»

ከዚህ በላይ ቃል አይወጣውም። እቤት ውስጥ መጸለይ የእሷ ሥራ ነበር። ማዕድ ስትባርክ ከቤቷ ተነስታ፣ የታመመውን፣ የታሰረውን፣ መንገደኛውን ሁሉ ጠይቃ እስክትመለስ ሾርባው ይበርዳል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቅና «አሜን» ይላል። በቃ። አንድ ቀን «እስኪ ዛሬ ደግሞ እኔ» ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ነው ሌላ ቦታ ሄዶ ሲጸልይ የሚያመሸው? ምን እያለ?

ጎረቤቷ ሻይ ይዛላት መጥታ ጎኗ ተሸጎጠች። ይቺን ሴት ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ እሷም አልተቀየመችም።

«እህቴ፣ ለሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ በጸሎት እንድታስቢው ያህል ነው» አለች በሹክሹክታ። ሬዲዮ ሰው ልታማ ስትነሳ ሁሌም በዚህ በር ነው የምትገባው።

«ምኑን?»

«ያቺን ባለ አረንጓዴ። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ቢጫው በር ናት። እሱንም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ረቡዕ ረቡዕ ወዳንቺ ስመጣ እዚያ ሲገባ አየው ነበር።»

«ቧንቧ ሊሠራ ነዋ!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያፈስ ቧንቧ አለ እንዴ፣ እህቴ?»

ጸሐፊዋ ቀና ስትል በርጩማዋ ባዶዋን ናት። ሴትዮዋ ሄዳለች።

ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቤቱ ዘበኛ ሊያጽናናት መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ጊዜ አልሰጠችውም።

«አባባ፣ ባለቤቴ ረቡዕ ጸሎት ላይ ይመጣ ነበር አይደል?»

ዘበኛው ኮፍያውን አገላበጠ። እውነቱን እንዳይናገር ሟቹ አሳዘነው፤ እንዳይዋሽ ደግሞ የሚጠብቀው ጸሎት ቤት ነው።

«የሽንት ቤቱን ቧንቧ በነፃ ጠግኖልናል» አለ በመጨረሻ።

«ጸሎቱን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ዓይኔም ደክሟል፣ ልጄ።»

ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን ሁሉ በአካሄዱ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ዓይኔ ደክሟል የሚለው። ጸሐፊዋ አመስግና ሸኘችው።

አዲስ ተጋቢ ሳሉ አንድ ምሳ ነበር። የእሷ ቤተሰቦች ተጠርተዋል። አባቷ «በል ልጄ፣ አባወራው አንተ ነህ፤ ማዕዱን ባርክ» አሉት። ያን ሰሞን የሰፈሩ ዋና መስመር ፈንድቶ ሦስት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ለብሶ ነው የሰነበተው። ዓይኑን ጨፈነና «አባታችን ሆይ» ብሎ ጥሩ ተንደረደረ። ደህና ሄዶ ሄዶ፣ «የዕለት ውሃችንን ስጠን ዛሬ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ነበረች። «እንጀራችንን ነው እንጂ! ውሃውንማ አንተ አለህልን!» አለችው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም እስከ ጆሮው ቀልቶ ሳቀ። በሳምንቱ ሰፈሩ «የዕለት ውሃ» ይለው ጀመር። ውሎ አድሮ ስሙ ሆኖ ቀረ፤ «የዕለት ውሃን ጥሩልን፣ ሲንኩ ተዘግቷል» ሲሉት «አቤት» ይላል። ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ከቀልድ ቆጥራ ነው የኖረችው።

ዓርብ ሴትዮዋ ተመለሰች። ማንም ሳያዛት ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ያዘች። በሰው ኩሽና! ጸሐፊዋ ተከትላት ገብታ በሩን ገጠም አደረገች።

«ባሌን ከየት ነው የምታውቂው?»

«ለጸሎት ይመጣ ነበር፣ እትዬ።»

«ጸሎት ቤቱ እናንተ ጋ ተዛወረ?»

ሴትዮዋ ነገሩ አሁን ገባት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«እናቴ ከተኛች ሦስት ዓመቷ ነው። ግማሽ ጎኗ አይሠራም፣ አንደበቷም ተይዟል። እሱ ሲንክ ሊጠግን መጥቶ ስታቃስት ሰማት። ‹ምን ፈልገው ነው?› አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያው ናት። ‹በዚህ ሰዓት ትጸልይ ነበር፤ ምናልባት እሱ ይሆናል፤ አንተ ትችላለህ?› አልኩት። ‹እችላለሁ፣ ግን ስቼ ነው የምለው› አለኝ።»

«እሺ?»

«‹እሷ ጭራሽ መናገር አትችል፤ ብትስት ምን ቸገረን› አልኩት። ሳቀ። መፍቻውን አስቀምጦ ተንበረከከ። ‹የዕለት ውሃችንን ስጠን ዛሬ› ሲል እናቴ አፏን ከፈተች። ለካ ጠምቷት ኖሯል! ቀኑን ሙሉ ጠምቷት! ብርጭቆው እስኪያልቅ ጠጣች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕን አስቀርቶ አያውቅም። ከትናንት ወዲያም ጠበቅነው። ስደውል ወንድሙ አነሳው።»

ጥርጣሬ ግን ቶሎ አይለቅም።

«ጮክ ብሎ ነበር የሚጸልየው? እሱ?»

«መንገድ ድረስ ይሰማል እኮ! ‹ጌታ ሆይ፣ የተዘጋውን ክፈት፣ የሚያፈሰውን አጥብቅ፣ የላላነውን በእጅህ እሰረን› ይላል። አንዳንዴ ሲያስረዝመው እናቴ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እሱ እቴ፣ ይቀጥላል።»

«ያንን ውሃ ያለውን... አላረምሽውም?»

«ምኑን?» አለች ሴትዮዋ፤ ከልቧ ነው ያልገባት።

ቧንቧው ተከፍቶ ይፈሳል። የሚዘጋው አልተገኘም።

«ስለ እኔስ አንስቶ አያውቅም?»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። «ባለቤቴ ጸሎት የምታውቅ ናት፣ ይል ነበር። ‹ታዲያ አንድ ቀን ለምን አታመጣትም› ስለው...»

«ንገሪኝ።»

«‹እሷ ካለች እኔ አፌ ይያዛል› አለኝ። በክፋት አይደለም፣ እትዬ። እየሳቀ ነው ያለው።»

እየሳቀ። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች፤ እስከ ጆሮ የሚቀላውን። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሴት ስትፈልግ፣ እሱ የሸሸው ለካ እሷን ነው። የሸሸውም ሊጸልይ ነው።

ሳሎን ውስጥ ወንበር መንኳኳት ጀመረ። ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰው ሊበተን ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም በሩን ከፈት አድርጎ፣ «ነይ እንጂ፣ ሰዉ አንቺን ነው የሚጠብቀው» አላት። መቼም እሷ እያለች ሌላ ሰው ጸሎት አይዘጋም።

ገብታ መሃል ቆመች። ሁሉም ተነሳ፣ አንገቱን ደፋ። ሬዲዮ «አሜን» ለማለት ከወዲሁ ከንፈሯን አሰናዳች። ባለ አረንጓዴዋ ሴትዮ በሩ ጋ ናት።

«ጌታ ሆይ» አለች ጸሐፊዋ።

ቃላቱ ሁሉ መጡላት። እንደ ወትሮው ተሰልፈው፣ አንዲት ስህተት ሳይኖርባቸው፣ እያንዳንዱ ሰረዝ በቦታው። ስለ ሟች ነፍስ፣ ስለ ቀሪው ቤተሰብ፣ ከሩቅም ከቅርብም ስለመጣው ሰው። አፏን መክፈት ብቻ ነበር የቀራት።

እጇን አንስታ አፏ ላይ ጫነችው።

ያለቀ መስሏት ሬዲዮ ብቻዋን «አሜን» ብላ ደነገጠች። አንድ ሰው ሳለ። በጣቶቿ መሃል እንባው እየወረደ ክንዷ ድረስ ደረሰ፤ እጇን ግን አላነሳችውም።