ግመል የመሰለው ቀጠና

ገመዳ የድንኳኑን ብረት ትከሻው ላይ አድርጎ ከዕድሩ መጋዘን ሊወጣ ሲል ማናሴ በሩ ላይ ቆመበት።

"ጋሽ ገመዳ፣ ያስቀምጡት።"

"ምን ማለትህ ነው? የአሳምነው እናት አርፈዋል፤ ጩኸቱን አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ፣ ነፍስ ይማር። ግን ለቅሶው የመሃል ቀጠና ነው። ድንኳን የሚተክለው የቀጠናው ሰው ነው፣ እርስዎ ደግሞ የላይ ቀጠና ነዎት። ደንቡን ያወጡት ራስዎ፤ እኔ ንብረት ጠባቂ ነኝ።"

ገመዳ ብረቱን መልሶ አስቀመጠ። የገዛ ደንቡ ነው።

እሱንና አሳምነውን የሚለያቸው አንድ ግንብ ብቻ ነው። በዚያ ግንብ ላይ ጨውና ጋዜጣ ሲቀባበሉ ነው ያረጁት። ታዲያ እንዴት ሆኖ የተለያየ ቀጠና ገቡ? ነገሩ የተጀመረው በኦብሴ ነው። ኦብሴ እነ ገመዳ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት። አምና አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ታምማ ስትሞት ድንኳን አልተተከለላትም፤ ተከራይ የዕድር አባል አይሆንማ። ኦብሴ ደጅ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስታለቅስ ገመዳ አያት። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ተከራዮች ዕድር ይግቡ" ብሎ ተነሳ። አሳምነው ደግሞ "ዛሬ እዚህ፣ ነገ ባቱ የሚሄድ ሰው እንዴት አድርጎ ይቀብረናል?" አለ። ብዙው ሰው ከአሳምነው ጋር ሆነ።

ዕድሩ ሦስት ቀጠና አለው። እያንዳንዱ ቀጠና አንድ ተወካይ ይመርጣል፣ ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸድቃል። ገመዳ የዕድሩ ሊቀ መንበር ብቻ ሳይሆን ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህርም ነው፤ ካርታ ማንበብም ማጣመምም ያውቃል። እሁድ ከሚደረገው የተወካዮች ምርጫ በፊት "ሥራ ለማቅለል" ብሎ ቀጠናዎቹን እንደ አዲስ አሰመረ። ተቃዋሚውን ከያለበት ለቅሞ መሃል ቀጠና ውስጥ አጎረው። የላይና የታች ቀጠና በጥቂት ሰው ብልጫም ቢሆን የእሱ ሆኑ። እንግዲህ አብዛኛው ሰው ተቃዋሚ ሆኖ ሳለ፣ ከሦስት ተወካይ የሚደርሰው አንድ ብቻ ነው።

ካርታውን በመጋዘኑ የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ሳለው። የመሃሉ ቀጠና የአሳምነውን ቤት ለመያዝ ከአስፋልቱ ማዶ አንገቱን አስግጎ ቁርጥ ግመል መሰለ። ማንም ልብ ያለው አልመሰለውም፣ ከሚስቱ ከአሳየች በቀር።

"ምነው ግመሉ እኛ አጥር ድረስ መጣ?" ብላው ነበር።

"ሣር ፈልጎ ነው" ብሎ አስቆ አሳለፋት።

አሁን ቤት ሲመለስ አሳየች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትወጣ ነበር።

"ድንኳኑስ?"

"ከለከሉኝ።"

"ማን?"

"እኔ።"

ገብቷታል። በግንቡ ላይ አሻግረው አዩ። የመሃል ቀጠና ሰዎች ከአስፋልቱ ማዶ ናቸው፤ ገሚሱ ሥራ ላይ፣ ገሚሱ ገበያ ነው። አሳምነው በዚያ ፀሐይ ከጎረቤት የተዋሰውን አግዳሚ ብቻውን ይጎትታል። እናቱን ያጣ ሽማግሌ ወንበር ሲጎትት ማየት ደግ አይደለም።

"አባትህን የቀበረልህ እሱ ነው" አለች አሳየች።

"አውቃለሁ።"

"ለኦብሴ ብለህ እንደሆነም አውቃለሁ። የምወድህም ለዚህ ነው። ግን ተንኮል ለደግ ነገርም ቢሆን ተንኮል ነው፣ ገሜ።"

"መስመሩን ከመለስኩት እሁድ እሸነፋለሁ። ልጅቷስ?"

ይህን ሲል ኦብሴ ከሰርቪሷ ወጣች። የሌሊት ፈረቃ አድራ ስለነበር ዓይኗ እንቅልፍ ይዟል።

"እማማ፣ ትልቁን ባልዲ ልውሰደው? እዚያ ውሃ የሚቀዳ ሰው የለም።"

"አሳምነው ቤት ልትሄጂ ነው?" አላት ገመዳ። "አንቺን ዕድር አትገባም ያለ ሰው እኮ ነው።"

"እናቱ ሞተውበታል አይደል፣ አባባ? ደግሞ እኔ ቀጠና የለኝም፤ ማን ይከለክለኛል?"

ባልዲውን አንስታ ሄደች። ገመዳ ወደ መጋዘኑ ተመለሰና ግመሉን ከነአንገቱ በኮቱ እጅጌ ጠራረገው።

"ጋሼ!" አለ ማናሴ። "ይሄ ማለት እኮ..."

"አዎ፣ ማለት ነው። የድሮው መስመር ይመለሳል። ስታጸድቁት እኔን አምናችሁ ነበር፤ አጭበርብሬያችኋለሁ፣ እሁድ ለሁሉም እናገራለሁ። አሁን በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ብረቱን ተሸክመው ሲገቡ አሳምነው ዓይኑ ቀልቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ተቃቅፈው አለቀሱ። ለጥቂት ጊዜ ማንም ስለ ምርጫ አላሰበም። ኋላ ግን ሸራውን ሲዘረጉ አሳምነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

"ግመልህስ?"

"አረድኩት።"

"አውቄብህ ነበር እኮ። ዝም ያልኩት የት እንደምትደርስ ልይ ብዬ ነው። ትሸነፋለህ፣ ታውቃለህ አይደል?"

"ልሸነፍ። ከዚያ በየቤቱ እየዞርኩ እለምናለሁ። ካንተ ነው የምጀምረው።"

ኦብሴ ለቀስተኛውን ስታስታጥብ አሳምነው አያት፤ ባልዲው ከብዷት ዘመም ብላ ነበር። ሄዶ ተቀበላትና ከራሱ አግዳሚ ጫፍ ቦታ አስለቀቀላት።

"ተቀመጪ፣ ልጄ። የለቅሶ ቤት ሰው ቆሞ አይውልም።"

ከዚያ ወደ ገመዳ ተመለሰ።

"አንተ ገመዱን ሳበው። ሠልስቱ ይውጣና ትለምነኛለህ።"