የመስመር ሰባት ተራ

በመብራት ኃይል መቆጣጠሪያው ግድግዳ ላይ ያለው መርፌ ሃምሳ ላይ ከቆመ አገር ሰላም ነው። ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያበራ፣ ፋብሪካ ሞተር ሲያስነሳ ጭነቱ ይጨምርና መርፌው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ያኔ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ለተርባይኖቹ ተጨማሪ ውሃ እንዲለቀቅ ያዛል። ውሃው ካልበቃ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ የከተማ መስመሮች ባለተራውን ማጥፋት። አንዱ ካልጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራውን ሰው ባልደረቦቹ “ሚዛን” ይሉታል። ስሙ የወጣለት በጭንቅ ሰዓት እጁ ስለማይንቀጠቀጥ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሚዛን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጭበረብር ኖሯል። እናቱ ሳንባቸው ደክሞ በኦክስጂን ማሽን የሚተነፍሱ ሴት ነበሩ፤ ቤታቸው ደግሞ መስመር ሰባት ላይ ነው። የሰባት ተራ በደረሰ ቁጥር ሰባትን ትቶ አራትን ያጠፋል፤ መዝገቡ ላይ “ሰባት ጠፍቷል” ብሎ ይጽፋል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ነገሩ፣ መጀመሪያ ቢያፍርም በኋላ ለመደው። እንዲያውም የመጠባበቂያውን የኦክስጂን ሲሊንደር “ማሽኑ መች ይቋረጥና” ብሎ ለሆስፒታሉ መለሰው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እሱ ግን ተጫወተ።

እሱ ሳያውቀው መስመር ሰባት ስም አወጣ። እዚያ ሰፈር መብራት አይጠፋም ተባለ። መጀመሪያ አንድ ወፍጮ ቤት መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ብየዳ ቤቶች፤ ከዚያ በረዶ የሚያመርተውም፣ እንጨት የሚሰነጥቀውም ተከታትለው ገቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጭነቱ እጥፍ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ትራንስፎርመሩ እየጋለ ያቃስት ጀመር። “ሰባት ከብዷል፣ ይቅለል” የሚለውን ሪፖርት የጻፈው ራሱ ሚዛን ነው። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ እናቱ ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ናቸዋ።

አንድ ዕለት ጠዋት የመስመር ሠራተኞች አለቃ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ፣ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

“በል ፈርምልኝ። ሰባትን አቅልለንልሃል።”

“ምኑን አነሳችሁለት?”

“ከምሰሶ ሠላሳ አንድ እስከ ሃምሳ ስምንት ያለውን መኖሪያ ቤት ወደ አራት አዞርነው። ወፍጮ ቤቶቹን ማን ይነካል? የባለወፍጮ ምላስ ከድንጋዩ ይብሳል።”

“አራትስ ይችለዋል?”

“አራት ባዶውን ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ ሸሽቷል።”

ሚዛን ስቆ ፈረመ። መስመሮቹን በቁጥር አብጠርጥሮ ያውቃል። ከእናቱ በር ፊት ለፊት የቆመችው፣ በልጅነቱ ተደግፎ ድብብቆሽ የቆጠረባት ምሰሶ ስንተኛ እንደሆነች ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየም።

በዚያው ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ተርባይን ቆመ። መርፌው ወደ አርባ ዘጠኝ ወረደ። ተራው የሰባት ነበር። ሚዛን አላመነታም፤ አራትን አጠፋ፣ መርፌው ተመለሰ፣ እስክሪብቶውን አንስቶ “ሰባት” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሻዩን ጠጣ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ተርባይኑ ሲነሳ አራትንም አበራው። ስልኩ እንደ ደንቡ ከክፍሉ ውጭ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲከፍተው ታናሽ እህቱ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች።

ከእናቱ ቀብር መልስ በራቸው ላይ ቆሞ ቀና አለ። ምሰሶዋ ላይ በነጭ ቀለም አርባ አራት ተብሎ ተጽፏል። ወደ አራት ከዞሩት አንዷ ናት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን እህቱን እናታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

“ጠዋት ቢሯችሁ ሄጄ ነበር ጋሼ” አለች። “የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አለቃህ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። የእኛ ቤት ወደ አራት ዞሯል፣ ያን ዕለት የጠፋው ግን ሰባት ነው፤ አራት ቀኑን ሙሉ መብራት ነበረው አለኝ። ጽሕፈትህን አወቅኩት።”

እጇን ማሽኑ ላይ አሳረፈች።

“ስለዚህ እኔ ነኝ። ጠዋት የማሽኑን ማጣሪያ አውጥቼ አጥቤው ነበር። ሳይደርቅ ነው መሰለኝ የመለስኩት። ጮኸ ጮኸና ዝም ሲል ቁልፉን ብነካካ፣ ብነካካ እምቢ አለኝ። በቀን ማን አምፖል ያበራል? መብራት ሄዶ ይሆናል ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ እዚህ ቤት መች ጠፍቶ ያውቃል? እማዬ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት።”

ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም፤ መዝገቡ የሚመሰክረው ለእሱ ነው። እህቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ማጣሪያ ስታጥብ ትኖራለች። ሚዛን በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

“አንቺ አይደለሽም” አለ። “ማሽኑ ደህና ነበር። አራትን አጥፍቼ ሰባት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሳደርግ ነበር፤ ለእሷ ብዬ።”

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። እንደማታውቀው ሰው ብዙ አየችው።

“እና እነዚያ በእሷ ፋንታ ስታጠፋባቸው የኖርከው የመስመር አራት ሰዎች” አለች ቀስ ብላ፣ “ታማሚ አልነበራቸውም?”

ሚዛን የመስመር አራትን ጭነት በኪሎዋት ሊነግራት ይችል ነበር፤ በየትኛው ሰዓት እንደሚከብድ፣ በየትኛው እንደሚቀል። እዚያ ማን እንደሚኖር ግን ጠይቆ አያውቅም።