የሆይት ንክሻ

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሳ ሁሉ ይሽሸኝ። በቴነሲ ምድር የእኔን ያህል አሳ ያወጣ ሰው ስላልተወለደ ደግሞ መሐላዬ ቀላል አይደለም።

ኦርቫል ታኬት ከሆይት ፕሪልማን ጋር አርባ ዓመት በአንድ ጀልባ አጥምዷል። ሆይት በበረዶው ወራት ታሞ ሲያጣጥር ሦስት ጊዜ አስጠራው። ኦርቫል የሚሞት ሰው ፊት ማየት ፈርቶ «ነገ እሄዳለሁ» ሲል፣ ነገ ሲል፣ ቀብሩም አለፈ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ነው፤ ሆይት ተቀይሞት ሞቶ ይሆን?

ሚያዝያ ላይ የሟቹ ሚስት ቨርና ጀልባውን ሰጠችው። ቅዳሜ ጠዋት ኦርቫል ሎቭሌስ ላይ አቆመው። ሎቭሌስ ግድቡ ሲሠራ ከነቤተ ክርስቲያኗ ውሃ የዋጣት መንደር ናት። እዚያ ታች የሚኖሩት ባስ የሚባሉ አፈ ሰፊ አሳዎች ጥጃ ያህላሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ ኦርቫል የገዛ ጉልበቱ አይታየውም ነበር።

ሆይት አሳ የሚያታልልበትን የላስቲክ ትል መንጠቆው ላይ ከመሰካቱ በፊት የትሉን ራስ በጥርሱ ቆርጦ የመትፋት ልማድ ነበረው። «ያልተቀመሰ ምግብ ማን ያምናል? አንተስ ሚስትህ ካልቀመሰችልህ መች ትበላለህ?» ይለው ነበር። ኦርቫል ይጸየፋል። ያን ቀንም ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ትል ሳይቆርጥ፣ የእርሳስ ብረት ክብደት ባለው መንጠቆ ላይ ሰክቶ ጣለ።

እርሳሱ ወረደ፣ ወረደ። የታችኛው ዓለም በክሩ በኩል ጣቱ ላይ ተሰማው። ጠጠር። ጉቶ። ከዚያ የድንጋይ ደረጃ። ከዚያ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ባስ ሲነክስ እንዲሁ ጣት ላይ ያንኳኳል። አጥማጅ ያኔ አያስብም፣ ዘንጉን ይመነጭቃል። ኦርቫልም መነጨቀ። ባዶ። ሲያወጣው የትሉ ራስ የለም። አሳ የሚነክሰው ጅራት ነው! ቁርጡ ላይ የጥርስ ሰልፍ አለ፤ መሃሉ ላይ ክፍተት። ሆይት የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር።

ሌላ ሰካ። ያው ሆነ። ኦርቫል ሰባት ጊዜ ነው ይላል፤ እኔ ከአሥራ አንድ አላሳንስም። በመጨረሻ ኳኳታው ሲመጣ ኦርቫል አልመነጨቀም። ክሩን አላላና፣ «ሆይት፣ ተቀይመኸኛል?» አለ።

ሰው እጅጌ እንደሚይዝ፣ ክሩ ሁለቴ በቀስታ ሳብ፣ ሳብ አለ። ከውሃው የሆይት ትንባሆ ሸተተ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦርቫል ቨርና ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

«ቨርና፣ ትናንት ሆይትን አገኘሁት።»

«ጎሽ። ሣሩን ማን እንደሚያጭድልኝ ጠየቅህልኝ?»

«አትቀልጂ እቴ! ሁለቴ ሳበኝ። ይቅር ብሎኛል።» የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር አወራላት።

ቨርና በረዶ የገባበትን ጣፋጭ ሻይ ቀዳችለት።

«ትናንት ጀልባ ማውረጃው ዳር መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጭጋግ አልነበረም፤ ፀሐይ ነበር። ጀልባውን ውሃ አላስነካኸውም፣ ኦርቫል። ከመኪናህ ኋላ ተጎታቹ ጋሪ ላይ እንደተጫነ ውስጡ ተቀምጠህ፣ መሪውን ይዘህ፣ እስከ ቀትር ስታለቅስ ነበር።»